ቤንጋሊዎች ድህነትን ያወድሳሉ? ስለ ትዝታ፣ ማንነትና እውነተኛ ሀብት ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «26 ዓመቴ ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብሮኝ አንድ ክፍል የሚኖር የባንግላዴሽ ልጅ አለ። ማታ ከሥራ ስንገባ ስልኩ ላይ አንድ ግጥም ደጋግሞ ይሰማል። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ‹ትንሽ መሬቱን ስለተቀማ ሰው ነው› አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲህ የታጎርን ታሪኮች በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የገባኝ ሕንዶች ሀብትን እንደሚንቁ፣ ድህነትን እንደሚያወድሱ፣ እውነተኛ ሀብት የነፍስ ነው እንደሚሉ ነው። ልክ ነኝ? ትዝታና ማንነትስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? ከየትኛው ልጀምር?»

ልክ አይደለህም። ግን ብቻህን አይደለህም። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ አንባቢ የሳተው እዚሁ ላይ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣም ይታወቃል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ሕንዶች» ያልከውን እናስተካክል። ቤንጋሊ የቋንቋ ስም ነው። ቋንቋው በባንግላዴሽና በሕንዱ ምዕራብ ቤንጋል ይነገራል። አፉን የፈታበት ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ሂንዱም ሙስሊምም ይጽፍበታል። የሕንድንም የባንግላዴሽንም ብሔራዊ መዝሙር የደረሰው ያው አንተ የምታነበው ገጣሚና ደራሲ ራቢንድራናት ታጎር ነው። ስለዚህ ጓደኛህን «የእናንተ የሕንዶች ግጥም» እንዳትለው። የእሱ ወገኖች ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ዳካ ላይ «ቤንጋሊ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን» ብለው ሰልፍ በመውጣታቸው በፖሊስ ጥይት ሞተዋል። ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን የሚከበረው ያን ዕለት መነሻ አድርጎ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ግጥሙ። ከነገርከኝ ተነስቼ ስገምት፣ ጓደኛህ የሚሰማው በ1895 የተጻፈው የታጎር «ሁለት ቢጋ መሬት» ሳይሆን አይቀርም። እዚያ አገር ልጆች በቃላቸው የሚሉት ግጥም ነው። ሁለት ቢጋ ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ በእኛ አንድ ጥማድ የምንለው ያህል። ታሪኩን ልንገርህ፤ የጥያቄህ መልስ አብዛኛው እሱ ውስጥ አለ።

ኡፔን የሚባል ድሃ ገበሬ አለ። ሌላውን መሬቱን ዕዳ በልቶታል። የቀረችው ያቺ ሁለት ቢጋ ናት። ባለርስቱ ይጠራውና «ሽጥልኝ» ይለዋል። ምክንያቱ ምን መሰለህ? የአትክልት ቦታ እያሠራ ነው፤ የኡፔን መሬት ቢጨመርበት ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ይሆንለታል። በቃ ይኸው ነው ምክንያቱ። ኡፔን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይለምናል። ሰባት ትውልድ የኖረበት አፈር ከወርቅ ይበልጥብኛል፣ ቸገረኝ ብዬ እናቴን ልሽጥ? ይላል። ባለርስቱ ዓይኑ ይቀላል፣ ዝም ይላል፤ በኋላ «እናያለን» ይላል። ወር ተኩል ሳይሞላ በሐሰት የዕዳ ወረቀት ፍርድ ይወጣል። ኡፔን ከቤቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አንብብ። ኡፔን ራሱን ያጽናናል፤ እግዚአብሔር በዚች ጉድጓድ ልያዝህ ስላላለ ነው፣ በሁለት ቢጋ ፋንታ ዓለሙን ሁሉ ጻፈልኝ ይላል። የመናኝ ደቀ መዝሙር ሆኖ ይዞራል። ተራራ ያያል፣ ባሕር ያያል፣ ቅዱስ ቦታ ይሳለማል። አንተ «የነፍስ ሀብት» ያልከው ይህ ነው። ግን አልሆነለትም። ሌሊትም ቀንም ያቺ ሁለት ቢጋ ከልቡ አትወጣም። አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት ከዞረ በኋላ አገሩ ይመለሳል።

ሲደርስ መሬቱ መሬቱን አይመስልም። ተጊጧል፣ ተኳኩሏል። ድሮ ጎመንና ፍራፍሬ ይዛ የምትጠብቀው እናት አሁን የባለጠጋ ሴት ሆናበታለች። ይቆጣታል፤ እንዴት ረሳሽኝ ይላታል። ከሁሉ አንድ የማንጎ ዛፍ ቀርቷል። ከሥሩ ይቀመጣል። ያኔ ልጅነቱ ይመጣበታል፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጎህ ሳይቀድ የወደቀ ማንጎ ለመልቀም መሮጡ፣ ከትምህርት ቤት የጠፋባቸው ከሰዓቶች። ነፋስ ሽው ይላል። ሁለት የበሰሉ ማንጎዎች አጠገቡ ዱብ ይላሉ። «አሁን ገና እናቴ አወቀችኝ» ብሎ ያስባል። አንስቶ ግንባሩ ላይ ያስነካቸዋል።

ከዚያ አትክልተኛው እየተሳደበ ይመጣል። ባለርስቱ ዘንድ ያቀርበዋል። ባለርስቱ ከጭፍሮቹ ጋር ዓሣ እያጠመደ ነው። ኡፔን ሁለት ማንጎ ብቻ ነው የለመንኩት ቢል፣ የመናኝ ልብስ የለበሰ ሌባ ብለው ይስቁበታል። ኡፔንም ይስቃል፣ ያለቅሳልም፤ ዛሬ አንተ ጻድቅ ሆንክ፣ እኔ ሌባ ሆንኩ ብሎ።

ይህ ሀብትን የሚንቅ ግጥም ነው? መሬትን እንደ ነፍስ የሚወድ ግጥም ነው። የሚንቀው ሌላ ነገር ነው። ባለርስቱ ያንን መሬት አያውቀውም። ለእሱ የጎደለ ማዕዘን ነው። ኡፔን ያውቀዋል፤ የትኛው ዛፍ ስንት ሰዓት ላይ ማንጎ እንደሚጥል ያውቃል። ከዚያም አልፎ መሬቱ እሱን እንዲያውቀው ይፈልጋል። ለእኔ የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍ ስለ ሀብት ሲያወራ ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ያለህ ነገር ያውቅሃል ወይ? አንተንስ የራስህን ሰው እንድታውቅ ያደርግሃል ወይስ ያሳውርሃል? ትዝታና ማንነት ከሀብት ጋር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ማወቅና መታወቅ ላይ።

ግጥሙ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንግሊዞች በ1793 ባወጡት የመሬት ሥርዓት ግብር ሰብሳቢ የነበሩት ዛሚንዳሮች የመሬቱ ባለቤት ተደረጉ። አገሩን ለሚገዛው ለእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚከፍሉት ግብር የማይለወጥ ሆኖ ተቆረጠ። ገበሬው ግን በእነሱ መዳፍ ወደቀ። የሐሰት ዕዳ ወረቀት የዚያ ዘመን እውነተኛ መሣሪያ ነበር። ታጎርን የማከብርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እሱ ራሱ የዛሚንዳር ልጅ ነው። ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሸላይዳሃ የቤተሰቡን ርስት ያስተዳድር ነበር፤ ፓድማ ወንዝ ላይ በጀልባ ቤት እየኖረ። ያ ባለርስት የራሱ ወገን ነው። ኡፔን ደግሞ ግብር የሚከፍለው ሰው ነው። የገዛ ወገኑን በልጆች አፍ ሌባ ማስባል ቀላል አይደለም።

ይህንን ሐሳብ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በቤንጋሊ «ሾምፖቲ ሾሞርፖን» ይባላል፤ ሀብትን አደራ ማስረከብ ማለት ነው። ከታጎር ቀደምት አጫጭር ልብ ወለዶች አንዱ ነው። እስካሁን ካላነበብከው ዛሬ ማታ አንብበው። መጨረሻውን ስለምነግርህ ይቅርታ፤ ሳልነግርህ ላስረዳህ አልችልም።

ጆግናት ኩንዱ የሚባል ቋጣሪ ሽማግሌ አለ። የልጁ ሚስት ስትታመም መድኃኒቱ ውድ ነው ብሎ ሳይገዛ ቀረ፤ ሞተች። ልጁ ብሪንዳቦን ተቆጥቶ ትንሹን ልጁን ጎኩልን ይዞ ጥሎት ሄደ። ሽማግሌው ወጪ ስለቀነሰ መጀመሪያ ቀለለው። የልጅ ልጁ ግን ናፈቀው። የመንደሩ ሰው የሽማግሌውን ስም በጠዋት መጥራት እንኳ ይፈራል፤ የጠራው ምግብ አያገኝም ይባላል። ከዓመታት በኋላ ኒታይ ፓል የሚባል ከቤቱ የጠፋ ልጅ መንደሩ ይመጣል። ረባሽ ነው፣ ደፋር ነው። ሽማግሌው ወደደው፤ አስጠጋው። ሰው ሁሉ ሀብቱን ሊያወርሰው ነው አለ። ከዚያ የልጁ አባት እየፈለገው እንደሆነ ወሬ ደረሰ።

በዚያ አገር አንድ የድሮ እምነት ነበር። ሀብት ከተቀበረበት ቦታ ልጅ በሕይወቱ አብሮ ቢቀበር፣ መንፈሱ ሀብቱን ጠብቆ ለትክክለኛው ወራሽ ያስረክባል ይባላል። ሽማግሌው ሌሊት ኒታይን ጫካ ውስጥ ወዳለ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ይወስደዋል። ከመሬት በታች ክፍል አለ። ማሰሮዎቹ በወርቅና በብር ሳንቲም ተሞልተዋል። ልጁን አስቀምጦ አበባ ያጠልቅለታል፣ ግንባሩን ይቀባዋል። ከዚያ ቃል በቃል ተከትለኝ ይለዋል። የዘር ሐረጉን ይቆጥራል፤ የእገሌ ልጅ እገሌ፣ የእሱ ልጅ እገሌ፣ እስከ ራሱ፣ እስከ ልጁ ብሪንዳቦን፣ እስከ ብሪንዳቦን ልጅ ጎኩል። ይህን ገንዘብ ለጎኩል ወይም ለልጆቹ አስረክባለሁ። ልጁ ይደግማል። ሽማግሌው መሰላሉን ወጥቶ ድንጋዩን ይገጥማል። አፈር ያለብሰዋል።

ብሪንዳቦን ይመጣል። «ልጄ የታለ?» ይላል። አባቱ ስሙ በክፉ ስለሚነሳ እነሱም ስማቸውን ቀይረው ነበር የሚኖሩት። ኒታይ ጎኩል ነው።

አሁን ያንን የዘር ሐረግ መልሰህ አስበው። ሰውዬው ሰባት ትውልድ በስም ያውቃል። አንድም አልሳተም። ሐረጉ የሚያበቃበት ልጅ ግን ፊቱ ተቀምጦ የገዛ ስሙን ሲጠራ አላወቀውም። ይህ ታሪክ ማንነትን በዘር ቆጠራ ለሚለካ ሰው ሁሉ የተጻፈ ይመስለኛል። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ አእምሮው ይነካል፤ ከመሬት በታች ለቅሶ ይሰማዋል፤ በጣር ላይ ሆኖ መሰላሌን ማን ወሰደብኝ ይላል። እኔ ይህንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። መሰላሉ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አስቀምጣለሁ።

ምናልባት «ይኸው፣ ገንዘብ ክፉ ነው አይደል የሚለው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። መድኃኒቱ በገንዘብ ቢገዛ ሴትዮዋ ትድን ነበር፤ ቤተሰቡም አይበተንም ነበር። ጥፋቱ ገንዘብ መኖሩ አይደለም። ገንዘቡ በጊዜው ለሰው አለመድረሱ ነው።

ይህንን በግልጽ የምታየው በ1892 በታተመው «ካቡሊዋላ» ውስጥ ነው። ራህማት ከካቡል መጥቶ ካልካታ ውስጥ ዘቢብና ለውዝ የሚሸጥ ሰው ነው። ሚኒ ከምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ጋር ይወዳጃል። ባለዕዳውን በቢላ ወግቶ ይታሰራል። ሲፈታ የሚኒ የሠርጓ ቀን ነው። የልጅቷ አባት ዛሬ አይመችም ይለዋል። ራህማት ከኪሱ የተጣጠፈ ቆሻሻ ወረቀት ያወጣል። ፎቶ አይደለም፣ ሥዕል አይደለም። የአንዲት ትንሽ ልጅ መዳፍ ጥላሸት ተቀብቶ የታተመበት ነው። የገዛ ልጁ እጅ ነው። በካልካታ መንገድ ሲዞር ደረቱ ላይ ይዞት ነው የሚዞረው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ አልቅሶ ያቆማል። አንተ ግን ቀጥል። ሚኒ የሙሽራ ልብስ ለብሳ ትመጣለች፤ ታፍራለች፤ የድሮው ጨዋታ አይመለስም። ራህማት ያኔ ይደነግጣል። የእኔም ልጅ እንዲህ አድጋለች ማለት ነው፤ እንደ አዲስ መተዋወቅ ሊኖርብን ነው። መዳፉ ወረቀት ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ልጅቷ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ስታድግ ነበር። ትዝታ ሀብት ነው፤ ግን የቆመ ሰዓት ነው። በዓመት አንዴ በስልክ ስክሪን እናቱን ለሚያይ ሰው ይህን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የሚኒ አባት ምን እንዳደረገም አትለፈው። ለራህማት ገንዘብ ይሰጠዋል፤ አገርህ ሂድ፣ ልጅህን እይ ብሎ። በዚያ የተነሳ ከሠርጉ የኤሌክትሪክ መብራቱና የሙዚቃ ጓዱ ይቀራሉ። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ያጉረመርማሉ። አባትና ልጅ የሚገናኙት በጸሎት አይደለም፤ በትኬት ዋጋ ነው። ሀብትን የሚንቅ ደራሲ ይህን አይጽፍም።

እንግዲህ «የነፍስ ሀብት» የሚለው ከየት መጣ? ከ«ጊታንጃሊ»። ታጎር በ1912 የራሱን ግጥሞች በእንግሊዝኛ ስድ ንባብ አድርጎ ለንደን ላይ አሳተመ። በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዓለም ያወቀው በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ረጅም ጢም፣ ረጅም ቀሚስ፣ ከፈጣሪ ጋር ለስላሳ ንግግር። እንግሊዝኛው መጽሐፍ 103 ግጥሞች አሉት። በቤንጋሊ በ1910 የታተመው 157 ነው ያለው። ሁለቱ በስም እንጂ አንድ መጽሐፍ አይደሉም፤ ከእንግሊዝኛው ግማሽ ያህሉ ከሌሎች መድበሎች የተለቀመ ነው። ቤንጋሊው ቤት ይመታል፣ ይዘፈናል። እንግሊዝኛው ጸሎት መጽሐፍ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ታጎርን እንደ ባሕታዊ ያውቀዋል፤ የሐሰት የዕዳ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀውን ታጎር ግን አያውቀውም።

ድህነትን ያወድሳሉ ስላልከው ደግሞ፣ ሁሌ የሚጠቀስ አንድ ስንኝ አለ። የካዚ ናዝሩል ኢስላም ነው፤ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ገጣሚ። «ድህነት» በሚለው ግጥሙ መጀመሪያ ላይ ድህነት ሆይ ታላቅ አደረግከኝ ይላል፤ የክርስቶስን የእሾህ አክሊል ሰጠኸኝ ይላል። ጥቅሱን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች እዚህ ያቆማሉ። ግጥሙ አያቆምም። ወዲያው ወርቄን አጠወለግክብኝ፣ ውበቴንና ሕይወቴን ያለ ጊዜው አደረቅክብኝ ብሎ ይረግመዋል። ናዝሩል ድህነትን በመጽሐፍ ያወቀ ሰው አልነበረም። በ1942 ታመመ፤ አንደበቱ ተዘጋ፣ ትውስታውም ጠፋ። እስከ 1976 እንዲያ ሆኖ ኖረ። ሰው ሁሉ ግጥሙን በቃሉ ሲል እሱ ግን ረስቶት ነበር። በ1972 ዳካ ሲወስዱት በክብር ተቀበሉት፤ የሚያውቀው ግን አልነበረም።

ከ1943 በኋላ ደግሞ ድህነትን ማሞገስ ጨርሶ የማይቻል ሆነ። በዚያ ዓመት በቤንጋል ረሃብ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ጃፓን በርማን ስለያዘች ከዚያ የሚመጣው ሩዝ ተቋረጠ። የጦርነቱ ዋጋ ንረትና የእንግሊዝ አስተዳደር ውሳኔዎች ነገሩን አባባሱት። ካልካታ ጎዳና ላይ ሰው ወደቀ። በ20 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው ሹካንቶ ቦታቻርጆ አንድ ስንኝ ጽፏል፤ በረሃብ መንግሥት ዓለም ስድ ንባብ ናት፣ ሙሉ ጨረቃም የተቃጠለ ቂጣ ትመስላለች የሚል። ከዚህ በኋላ «ድህነት ቅዱስ ነው» የሚል ሰው ካገኘህ ይህን አንብብለት።

ወደ ማንነት ልለፍ። ቤንጋሊ ሰው «ደሽህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ደሽ» አገር ማለት ነው። የሚጠይቀው ግን ስለ ፓስፖርት አይደለም፤ ስለ አባትህ መንደር ነው። እኛም «አገርህ የት ነው?» ስንል ጎጃም ነው ጎንደር ማለታችን እንደሆነው ማለት ነው። ስደተኛ ደግሞ «ኡድባስቱ» ይባላል። «ባስቱ» ቤት የቆመበት መሬት ነው። ያ አገር ዴልታ ነው፤ ጎርፍ ስለሚመጣ አፈር ተቆልሎ፣ ተደልድሎ፣ ከዚያ ነው ቤት የሚሠራው። ያንን ከፍ ያለ አፈር አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ ያወርሰዋል። ስለዚህ በቤንጋሊ ስደተኛ ማለት ድንበር ያቋረጠ ሰው ማለት አይደለም፤ ከዚያ አፈር የተነቀለ ማለት ነው።

በ1947 እንግሊዞች ሲወጡ ቤንጋል በሕንድና በፓኪስታን መካከል ለሁለት ተከፈለ። ሂንዱዎች ወደ ምዕራብ፣ ሙስሊሞች ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምመርጠው ግን አንዲት አጭር ታሪክ ነው፤ የሰይድ ዋሊዩላህ «የቱልሲ ተክል ታሪክ»። ከካልካታ የመጡ ሙስሊም ተፈናቃዮች ዳካ ውስጥ ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት ትልቅ ቤት ይገባሉ። ይደሰታሉ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ የቱልሲ ተክል ያያሉ። ቱልሲ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ሂንዱ የቤት እመቤት በየማታው ከሥሩ መብራት የምታበራለት ተክል። አንዱ ይነቀል ይላል። ማንም እጁን አያነሳም። ሌላው ያቺ የቤቱ እመቤት አሁን የት ትሆን ብሎ ያስባል፤ በባቡር መስኮት ተቀምጣ ስትሄድ ይታየዋል። ደርቆ የነበረው ተክል ከቀን ወደ ቀን ይለመልማል። አንድ ሰው በድብቅ ሥሩን ኮትኩቷል፤ ውሃም እያጠጣ ነው። ማን እንደሆነ አይነገርም። ከዚያ ፖሊስ መጥቶ ቤቱን ለመንግሥት ልቀቁ ይላቸዋል። ይወጣሉ። ተክሉም መልሶ ይደርቃል።

ቤቱን የያዘ ሰው፣ የሌላ ሃይማኖት ተክል፣ በድብቅ የሚፈስ አንድ ጣሳ ውሃ። ከስንት የፖለቲካ መጽሐፍ ይልቅ የ1947ን ነገር የገለጠልኝ ይህ ነው።

ስለ ማንነት ከታጎር አንድ ብቻ ልጨምር። «ጎራ» የሚባለው ልብ ወለድ፣ በ1910 በመጽሐፍ የወጣው፣ ጥብቅ ሂንዱ ስለሆነ ወጣት ነው። ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን የነካውን እንደማይነካ ይጠነቀቃል። መጨረሻ ላይ ሕንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሱበት በ1857ቱ ዓመፅ ጊዜ የተወለደ የአየርላንዳውያን ልጅ መሆኑን ይሰማል። ይጠብቀው የነበረው የዘር ንጽሕና የእሱ አልነበረም። ያሳደገችው አናንዶሞዪ ግን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ አውቃም ነው የወደደችው። ረጅም መጽሐፍ ነው፣ ክርክር ይበዛበታል። አሁን አትጀምረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፊልም አይተህ መጽሐፉን አነበብኩ እንዳትል። «ፓተር ፓንቻሊ» የቢቡቲቡሻን ባንድዮፓድያይ ልብ ወለድ ነው፤ 1929። የሳትያጂት ራይ ፊልም በ1955 ወጣ፤ ትልቅ ፊልም ነው። ግን እጅግ አስፈላጊው ዕቃ ተለውጧል። በመጽሐፉ ዱርጋ የምትባለው ልጅ ሰርቃለች የተባለችው ከወርቅ የተሠራ ትንሽ ማስቀመጫ ነው፤ ያገቡ ሴቶች ግንባራቸውን የሚቀቡትን ቀይ ዱቄት የሚይዝ። በፊልሙ ዶቃ ሆኗል። ዱርጋ ትሞታለች። ቤተሰቡ መንደሩን ሊለቅ ዕቃ ሲሰበስብ ወንድሟ አፑ ያንን ነገር ተደብቆ ያገኘዋል። በመጽሐፉ ወደ ቀርከሃው ጫካ ይወረውረዋል፤ በፊልሙ ወደ ኩሬው። ወርቅ መሆኑን ካላወቅክ ትዕይንቱ ይቀልልብሃል። በዚያ ድህነት ውስጥ ያለ ልጅ ወርቅ ጣለ። ቢሸጥ ስንት ወር ያበላቸው ነበር። የእህቱ ስም በለጠበት።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከትርጉም ጋር የተያያዘ ነው። የድሮ እንግሊዝኛ ትርጉሞች ታጎርን ይቆርጡታል፣ ያለሰልሱታል። ከቤንጋሊ በቀጥታ የተተረጎመ ምረጥ፤ ለአጫጭር ታሪኮቹ የዊልያም ራዲስን ትርጉም እመክርሃለሁ። ግጥሙ ግን በየትኛውም ትርጉም ግማሹ ይቀራል። «ሁለት ቢጋ መሬት» በየስንኙ ውስጥ የሚመታ ቤት አለው፤ ለዚህ ነው ልጆች ሳይገባቸው እንኳ የሚሸመድዱት። በእንግሊዝኛ ይህ የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አትቀይረው። መጀመሪያ «ካቡሊዋላ»። ቀጥሎ የቋጣሪው ሽማግሌ ታሪክ። ከዚያ የቱልሲው ተክል። ከዚያ «ፓተር ፓንቻሊ»፣ ቀስ ብለህ። «ጊታንጃሊ» ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ያኔ ስታነበው ጸሎቱን የሚጸልየው ሰው ምን እንዳየ ታውቃለህ።

ግጥሙን ግን አታንብበው። ጓደኛህን ጠይቀው። ስልኩን አጥፍቶ በራሱ ድምፅ ይበልልህ፤ በቃሉ ያውቀዋል። ደሹ የት እንደሆነም ጠይቀው፤ ዳካ ወይም ባንግላዴሽ ብሎ ከመለሰልህ የመንደሩን ስም እንደገና ጠይቀው። ሃይማኖቱን ወይም ቤተሰቡ በ1947ቱ ክፍፍልና ባንግላዴሽ ከፓኪስታን በተለየችበት በ1971 ጦርነት ምን እንዳገኘው አትጠይቅ፤ ራሱ ካነሳው ስማው። ቋንቋውን ባትሰማም «አም» የሚለውን ቃል ጠብቅ፤ ማንጎ ማለት ነው። እዚያ ሲደርስ አታቋርጠው፣ ምን ማለት ነው ብለህም አትጠይቀው። እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ከዚያ ሻይ አፍላለት።